ስልኬ ጆሮ ጠቢ ነው ወይ? በአንድ የስፌት መኪና የተነሡ 44 ምላሾች

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የሚገኘው የዚህ ውይይት የመክፈቻ ጽሑፍ የእኔ ነው። ዛሬ ሳነበው ቢያሳፍረኝም አልሰረዝኩትም። ቅዳሜ ማታ ታላቅ እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ስንጫወት የስፌት መኪና ልትገዛ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እኔ መርፌና ክር የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ቁልፍ ሲበጠስብኝ ሸሚዙን ሰቅዬ ሌላ እለብሳለሁ። ስለ ስፌት መኪና በሕይወቴ አንድም ቀን የትም ፈልጌ አላውቅም። ስልኬ ግን በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ነበር። እሑድ ጠዋት ዜና ላነብ ስከፍተው ከሁለተኛው አንቀጽ ሥር ነጭ የስፌት መኪና፣ አጠገቡም የታጠፈ ሰማያዊ ጨርቅ ብቅ አለ። ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ። ወዲያው ወደ መድረኩ ገብቼ ጥያቄ የሚመስል ክስ ጻፍኩ፤ ስልካችን ጆሮ ጠቢ ነው፣ አይደለም የሚል ካለ ያስረዳኝ አልኩ።

የውይይቱ ክር፣ ማለትም ከጽሑፌ ሥር የተደረደረው የምላሽ ሰልፍ፣ አሁን ረዝሟል። አዲስ የሚገቡ ሰዎችም የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይተው የተባለውን መልሰው ስለሚሉ፣ ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው ልተርካቸው።

ከ1 እስከ 3 ያሉት ከእኔ ጋር ነበሩ። 1ኛው ድመት ሳይኖረው የድመት ዕቃ ማስታወቂያ እንደሚመጣበት ጻፈ። 2ኛዋ የስልኳን ካሜራ በፕላስተር ከሸፈነች ሁለት ዓመት እንደሆናት ተናገረች። 3ኛው ከሁሉም ባሰ፤ ከባለቤቱ ጋር ቁም ነገር የሚያወራው ሁለቱም ስልኮች ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈባቸው በኋላ ነው። እነዚህን ሳነብ ደስ አለኝ። ሰው ሲስማማበት ደስ የማይለው የለም።

4ኛው በጣም ትሑት ነበር፤ እርስዎ እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ቤቴን አፈረሰብኝ። በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ፈትነው፣ ማይክሮፎን በድብቅ ከፍቶ የሰው ወሬ የሚልክ አንድም እንዳላገኙ አስረዳኝ። ያገኙት ሌላ ነው። አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ባለቤቱ በስክሪኑ ላይ የሚያደርገውን በምስል ቀርጸው ለሦስተኛ ወገን ይልኩ ነበር። ደግሞም ቀኑን ሙሉ የሚቀዳ ስልክ ባትሪውን እንደሚጨርስ፣ ከ2020 እና ከ2021 ወዲህ የወጡት የአይፎንና የአንድሮይድ ሥርዓቶችም ማይክሮፎን ሲከፈት ከስክሪኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ባለቀለም ነጥብ እንደሚያሳዩ አከለ። ነጥቧን እኔም አይቻታለሁ፤ ምን እንደሆነች ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

5ኛው አልተዋጠለትም። በ2019 የአፕል፣ የጉግልና የአማዞን የድምፅ ረዳቶች የቀዱትን ቅጂ ተቀጣሪ ሰዎች ሲሰሙት እንደነበር በጋዜጣ የወጣውን አስታወሰ። አፕል በዚያው ዓመት ነሐሴ ይቅርታ መጠየቁን፣ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በዚሁ የተከሰሰበትን ክርክር በ95 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት መስማማቱን ጠቀሰ። 6ኛዋ ሁለቱን ነገሮች ለየቻቸው። የድምፅ ረዳቱ ስሙ የተጠራ መስሎት በስሕተት ይነቃል፣ ቁራጭ ድምፅ ይቀዳል፣ ከቅጂዎቹ ጥቂቱም ሥራው ትክክል መሆኑ እንዲመዘን ወደ ሰው ጆሮ ይሄዳል። ይህ የተረጋገጠ ነው። ወሬያችን ወደ ማስታወቂያ ይቀየራል የሚለው ግን አፕልም የካደው፣ ክርክሩም ሳያረጋግጠው የተዘጋ ነገር ነው። እሷ ያረጋጋችኝ መስሏታል። ለእኔ አንድ የማላውቀው ሰው ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የመኝታ ቤት ንግግር መስማቱ ከስፌት መኪናው ይልቅ ያስፈራል።

7ኛው አንድ መስመር ብቻ ነው። እህትህ በማን ዋይፋይ ምን ስትፈልግ ነበር የሚል ጥያቄ ነው፤ ሰላምታ እንኳ የለውም። ተናደድኩ። ግን ደወልኩላት። አርብ ማታ ከቤቷ ሆና መፈለግ ጀምራለች። ቅዳሜ እኔ ዕቃ ላጥብ ጓዳ ስገባ ደግሞ በእኔ ዋይፋይ ሦስት የስፌት መኪናዎችን አንዱን ካንዱ ስታወዳድር ቆይታለች። የፍለጋ ታሪኳን ከስልኳ አውጥታ አሳየችኝ፤ ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል። እኔ ሳህን ሳለቀልቅ እሷ ነጩን መኪና አራት ጊዜ ከፍታዋለች።

8ኛው አሠራሩን ተረከ። በአንድ ራውተር፣ ዋይፋይ በሚያሠራጨው ሣጥን፣ በኩል የሚወጡ መሣሪያዎች ለውጭው ዓለም የሚታዩት በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ማስታወቂያ አሻሻጮች ይህን አድራሻ፣ መሣሪያዎቹ የሚያድሩበትን ቦታና የሚነቁበትን ሰዓት አገጣጥመው እነዚህ ሰዎች የአንድ ቤት ናቸው ብለው ይገምታሉ። አንዱ የፈለገውን ለሌላው ያሳያሉ። ጆሮ አያስፈልጋቸውም። 9ኛው በቀን ስንት ማስታወቂያ አይቼ እንደምረሳና የያዝኩት የገጠመውን አንዱን ብቻ እንደሆነ ጨመረ። እውነት ነው፤ ግን እንደ ተሸነፈ ልጅ ስለተሰማኝ ለእሱ አልመለስኩም።

10ኛዋ ወደ ስልኬ ቅንብሮች ገብቼ የፈቃድ አስተዳዳሪ የሚለውን እንድከፍት አዘዘችኝ። ከፈትኩ። ቦታዬን እንዲያውቁ የፈቀድኩላቸው መተግበሪያዎች 23 ናቸው። ከእነሱ 6ቱ ሁልጊዜ ያውቃሉ፤ ተኝቼም ቢሆን። ፎቶ ማሳመሪያው ማይክሮፎን ይዟል። ከሁሉም የገረመኝ ግን የእጅ ባትሪው ነው። ይህ መብራት አብርቶ ከማጥፋት ሌላ ሥራ የሌለው መተግበሪያ ቦታዬንም፣ የስልክ ማውጫዬንም እንዲያይ ፈቅጄለታለሁ። መቼ? አላስታውስም። መብራት የጠፋ ዕለት በጨለማ፣ ፍቀድ የሚለውን ሳላነብ ተጭኜው ይሆናል። ስልኩ የራሱ መብራት ከላይ በጣት ሲሳብ እንደሚገኝ እንኳ ያወቅኩት ከ10ኛዋ ነው። 11ኛው ብቻዬን እንዳልሆንኩ ነገረኝ። በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በሚሊዮኖች ስልክ ላይ የተጫነ አንድ የእጅ ባትሪ መተግበሪያ የሰዎችን ቦታ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያስተላልፍ አግኝቶ ከሶት ነበር።

እስከዚህ ሁሉም ጨዋ ነበር። 12ኛው መጣና የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው የሚፈራው ነገር እንደሌለው ተናገረ፤ እኛን ሁላችንን ወሬ የጠፋን ሥራ ፈቶች አስመሰለን። 13ኛው የባለፈውን ወር መልእክቶቹን በሙሉ እዚሁ እንዲለጥፍልን ጠየቀው። 14ኛዋ ረጋ ብላ ለማስረዳት ሞከረች። በ2013 የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ መርምሮ፣ ስም ባይኖርበትም እንኳ ሰውየው የነበረባቸውን አራት ቦታዎች ከነሰዓታቸው ማወቅ ከ100 ሰዎች 95ቱን ከሌላው ለይቶ ለማውጣት እንደሚበቃ አሳይቷል። ጉዳዩ ምሥጢር መያዝ ሳይሆን ስም የሌለው መረጃ የሚባለው በቀላሉ ባለቤቱን ማግኘቱ ነው ለማለት ነበር። 12ኛው አላነበበውም። 15ኛው ላይ ተመልሶ 13ኛውን ገላመጠው፤ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች አንተ ተባባሉ። በአማርኛ ጠብ መጀመሩ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስድብ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። 16 እና 17 የሁለቱ ናቸው፣ አልተርካቸውም። 18ን አወያዩ አጥፍቶታል፤ ምን እንደነበረበት ግን አይቻለሁ፣ መጥፋቱ ደግ ነው።

19ኛዋ የክሩ ምርጥ ጽሑፍ የእሷ ነው። 12ኛውን በስም ሳትጠራ፣ የሚደበቅ ነገር አለህ የለህም የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ጻፈች፤ ምክንያቱም አሳልፎ የሚሰጥህ የራስህ ስልክ ብቻ አይደለም። በ2023 ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የሚባለው የዘር ምርመራ ድርጅት ሲጠለፍ፣ ሌቦቹ በቀጥታ የገቡት ወደ 14,000 ገደማ መለያዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ሌላ ቦታ ተሰርቆ የወጣ የይለፍ ቃል ደግመው ይጠቀሙ ነበር። መተግበሪያው ዘመድ ከዘመድ ስለሚያገናኝ ግን በዚያ ቀዳዳ የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጣ። የይለፍ ቃሉን አሳምሮ የጠበቀ ሰው በማያውቀው የሩቅ ዘመዱ ስንፍና ተጋለጠ።

ይህን አንብቤ ወደ እጅ ባትሪው ተመለስኩ። ማውጫዬን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ 412 ስም። የጥርስ ሐኪሜ አለች። ስሟ እንዳይታወቅ የምትጠነቀቅ፣ ከአስቸጋሪ ትዳር የወጣች ጓደኛዬ ከአዲሱ ቁጥሯ ጋር አለች። ከሞተ ሦስት ዓመት የሆነው፣ ስሙን ማጥፋት ያቃተኝ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አለ። ከእነዚህ ሰዎች ማንም ፍቀድ የሚለውን አልተጫነም። የተጫንኩት እኔ ነኝ። ስልኬ ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ ስጮህ፣ የ411 ሰው ስልክ (የሟቹን ሳልቆጥር) ለማላውቀው ድርጅት አሳልፌ የሰጠሁት ራሴ ነበርኩ።

20ኛው ቁጥር ከተነሣ አይቀር ብሎ ትዊተርን አነሣ። ድርጅቱ ለደኅንነት ማረጋገጫ ነው ብሎ የተቀበለውን የስልክ ቁጥርና ኢሜይል ለማስታወቂያ ማነጣጠሪያ ሲጠቀምበት በመገኘቱ በ2022 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ከዚህ በኋላ ክሩ ከእኔ እጅ ወጣ፤ እስከ 27 ድረስ ወሬው ስለ ማረጋገጫ ኮድ ሆነ።

21ኛዋ የደረሰባትን ጻፈች። አንድ ማታ ስልኳ በድንገት አገልግሎት የለም አለ። ኔትወርክ መስሏት አጥፍታ አበራችው፣ ሲሙን አውጥታ በቀሚሷ ጠርግ ጠርግ አድርጋ መለሰችው። ቁጥሩ ግን በዚያ ሰዓት በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሰውየው ወደ ስልክ ድርጅቱ ደውሎ እሷ ነኝ ብሎ፣ ሲም እንደጠፋበት አስመስሎ ቁጥሯን ወደ አዲስ ሲም አስዛውሮታል። ከዚያ በኢሜይሏ ላይ የይለፍ ቃል ረሳሁ የሚለውን መጫን ብቻ ነው የቀረው፤ ኮዱ የሚመጣው ለእሱ ነው። ከኢሜይሉ ወደ ባንኩ መንገዱ አጭር ነው። በማግስቱ ለድርጅቱ ስታመለክት፣ የተጠየቀው ሰው የልደት ቀኗንና የእናቷን ስም በትክክል መልሷል ተባለች። ሁለቱንም ራሷ በልደቷ ቀን በማኅበራዊ ገጿ ጽፋቸዋለች። 22ኛው ሊያጽናናት፣ የትዊተር ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጃክ ዶርሲ ራሱ በነሐሴ 2019 ቁጥሩ በዚሁ ዓይነት ተወስዶበት ሌሎች በገጹ ላይ እንደጻፉበት ነገራት። ብዙ የሚያጽናና አይመስለኝም።

23ኛው ኮድ በጽሑፍ መልእክት ከመቀበል ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ መጠቀም እንደሚሻል ጻፈ፤ ኮዱ የሚወለደው ስልኩ ውስጥ ስለሆነ ሲም ቢዘዋወር አይከተልም። 24ኛው ከዚያም የሚሻል በዩኤስቢ የሚሰካ የደኅንነት ቁልፍ እንዳለ፣ ቁልፉ የድረ ገጹን ትክክለኛ አድራሻ ራሱ ስለሚያጣራ ሰው ቢታለል እንኳ እሱ እንደማይታለል አስረዳ። 25ኛዋ ስልኩም ቁልፉም ቢጠፋስ አለች፤ መልሱን ራሷ ሰጠች፣ መጠባበቂያ ኮዶቹን በወረቀት ጽፎ ከሰነዶች ጋር ማስቀመጥ።

ወረቀት ሲነሣ 26ኛው ብቅ አለ። ጡረታ የወጣ ሰው እንደሆነ ገልጾ፣ የይለፍ ቃሎቹን በሙሉ በአንድ ደብተር ጽፎ መሳቢያ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ እያፈረ ተናዘዘ። ልጆቹ ይስቁበታል። ስድብ የጠበቅኩ እኔ ነኝ፤ 27ኛዋ ግን አባቴ እያለች ጠበቃ ቆመችለት። ባሕር ማዶ ያለ ሌባ ደብተር አያነብም፤ አደጋው ያለው አንዱን ቃል በየቦታው መድገም ላይ ነው። በየሦስት ወሩ ቀይሩ፣ ምልክትና ቁጥር ደባልቁ የሚለው ትእዛዝም ዘመኑ አልፏል። በ2003 ያንን መመሪያ ለአሜሪካ መንግሥት የጻፈው ቢል በር ራሱ በ2017 መጸጸቱን ተናግሯል፤ አዲሱ መመሪያ ረጅም ቃል መርጦ፣ ተሰርቆ መውጣቱ ካልታወቀ በቀር ሳይቀይሩ መኖር ይበልጣል ይላል። ሰውየው አመስግኖ ሌላ ምላሽ ሳይጽፍ በምልክት ብቻ አለፈ።

28ኛው ይህ ሁሉ ዝባዝንኬ ነው ብሎ ነጻ ጸረ-ቫይረስ ጭኖ መገላገል እንደሚቻል መከረን። 29ኛው ጥርሱን እየነከሰ የጻፈ ይመስላል። አቫስት የተባለው የታወቀ ጸረ-ቫይረስ ደንበኞቹ በኢንተርኔት የጎበኟቸውን ገጾች በአንድ ቅርንጫፍ ድርጅቱ በኩል ሲሸጥ ኖሮ፣ ያንን ቅርንጫፍ በ2020 ዘጋ፤ በ2024 ደግሞ የንግድ ኮሚሽኑ 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። ነጻ የሚባል ነገር ሁሉ ዋጋው እንዳልተጻፈ ዕቃ ነው ብሎ 28ኛውን ሞኝ አስመሰለው። እዚህ ላይ እኔ 29ኛውን ወቀስኩ፤ ሰውየው ያመነው ነገር አታልሎታል እንጂ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

30ኛዋ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል ስለ አሮጌ ስልክ መሸጥ አወራች። በ2014 የተደረገ ሙከራ 20 ያገለገሉ ስልኮች ተገዝተው፣ ባለቤቶቻቸው ያጠፏቸው ከ40,000 በላይ ፎቶዎች ተመልሰው ተገኝተዋል። 31ኛው ሙከራውን ያደረገው ያው አቫስት መሆኑን አስታወሰ። በዚህ ሁሉም ሳቀ፤ 28ኛውም ጭምር። 32ኛው ቁም ነገሩን ጨረሰ። የዛሬ ስልኮች ከጅምሩ በምስጠራ ስለሚሠሩ፣ ማለትም መረጃውን ያለ ምሥጢራዊ ቁልፍ በማይነበብ መልክ ስለሚያስቀምጡ፣ ከመለያዎች ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ ይህን ቁልፍ ስለሚያጠፋ የቀረው መረጃ የማይነበብ ትርምስ ይሆናል። አደጋው ፎቶ አንድ በአንድ እያጠፉ መሸጥ ነው።

33ኛው ስለ ቴሌቪዥን ነው፤ በዚህም ብዙ ሰው ደነገጠ። ቪዚዮ የተባለው አምራች በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ሰዎች የሚያዩትን በየሰከንዱ እየመዘገበ ይሸጥ ነበር፣ በ2017 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ቴሌቪዥኑ በገመድ ከሌላ መሣሪያ የመጣ ምስል እንኳ ከስክሪኑ ላይ ናሙና ወስዶ ይለያል። 34ኛዋ ቴሌቪዥኗን ከዋይፋይ አውጥታ ዕዳው ገብስ ነው ብላለች። 35ኛው የደኅንነት ካሜራዎችን ጨመረ። በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከ60 በላይ የፋብሪካ መለያና የይለፍ ቃሎችን ይዞ በየበሩ እየሞከረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማረከ። በጥቅምት ወር በእነሱ ጭፍራ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተቋረጡ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም፤ ካሜራቸው እንደ ወትሮው ይሠራል። 36ኛው የራውተሩን የይለፍ ቃል ከጀርባው ላይ ከተለጠፈው እንደቀየረ፣ አዲሱን ግን እዚያው ጀርባው ላይ እንደለጠፈ ተናገረ።

37ኛው ይህን ሁሉ አንብቦ ታዲያ ስልኬን ልጣለው ወይ አለ። 38ኛዋ ከመጣሉ በፊት ፈቃዶቹን እንዲያይ፣ ኢሜይሉን ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያጠብቅ፣ ስልኩ አድስ ሲለው እንዲያድስ መለሰች።

39ኛው የእኔ ነው። የእጅ ባትሪውን አጠፋሁ፣ ቦታዬን የሚያውቁትን ከ23 ወደ 3 አወረድኩ፣ ክሴንም አነሣሁ። ያቺን ቁጥሯን የምትጠብቅ ጓደኛዬን ደውዬ ነገርኳት፤ ዝም ብላ ቆይታ የእጅ ባትሪ ለምን አስፈለገህ ነው ያለችኝ። 40 ላይ ግን ያ ቁም ሣጥኑ ሰውዬ፣ 3ኛው፣ ተመልሶ መጥቶ ጥናት የሚያጠኑትም ስልክ አላቸው ብሎ በአቋሙ ጸና። ማንም አልተከራከረውም።

41ኛዋ እህቴ በመጨረሻ መኪናውን ገዛች ወይ ብላ ጠየቀች። ገዝታለች፤ ማስታወቂያው ግን እኔን ገና አልለቀቀኝም፤ የገዛች መሆኗን የነገረው የለም። 42ኛው በእግር የሚረገጥ ነው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብሎ ለማወቅ ፈለገ። 43ኛው ይህን ክር ማንበብ ከጀመረ ወዲህ፣ እህትም የስፌት መኪናም የሌለው ሰውዬ፣ ዛሬ ጠዋት ነጭ የስፌት መኪና ከሰማያዊ ጨርቅ ጋር እንደመጣበት በንዴት ጻፈ። 44ኛው፣ 1ኛው መሆኑን በስሙ አውቄዋለሁ፣ ከድመት ዕቃው ጋር ይለዋወጠው እንደሆነ ጠየቀው። እስካሁን አልመለሰለትም።